ጆርሃት ጨልሟል፣ ቡጅ ፀሐይ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው

እናት ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ሕንድ አገር የኖረ ወይም የተማረ ሰው እዚህ ካለ አንድ ነገር ያስረዳኝ። ልጄ በአገሪቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ አሳም በሚባለው ግዛት፣ ጆርሃት በምትባል ከተማ ግብርና እየተማረ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ጉጃራት ውስጥ፣ ቡጅ በምትባል ከተማ ሥነ ምድር ያጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና እህቴ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ሁለቱንም በቪዲዮ እናያቸዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ የደወልነው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የእህቴ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፀሐይዋን በመዳፉ ይከልላል። የእኔው አምፖል አብርቶ ሹራብ ደርቧል፤ ከኋላው ያለው መስኮት ጥቁር ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ብጠይቃቸው ሁለቱም በአንድ አፍ "11 ሰዓት ተኩል" አሉኝ። እህቴ "ያንቺው ሲተኛ ውሎ መጋረጃውን ገና አልገለጠም" ብላ ሳቀችብኝ። "ግለጠው" አልኩት። ገለጠው። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መንገድ ላይ የመኪና መብራት ያልፋል።

አንድ አገር፣ አንድ ሰዓት፣ ግን እዚያ ምሽት እዚህ ቀን። እንዴት ይሆናል? ሌላም አለ። ልጄ ሱቁ ሁሉ በጊዜ ይዘጋል፣ እኔም 3 ሰዓት ሳይሞላ እተኛለሁ ይላል። የእህቴ ልጅ ራት የሚበላው 4 ሰዓት ላይ ነው። እህቴ ይህንን ሁሉ ከስንፍናና ከትጋት ጋር እያያያዘች ታደርቀኛለች። ሁለቱ ከተሞች ምን ዓይነት ናቸው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሻይ ቀማሹ

እናቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም፤ ሲተኛም አልዋለም። እኔ የሻይ ቅጠል ዝግጅት ጆርሃት ተምሬ ነው የተመለስኩት፤ አሁን በከፋ በኩል የሻይ እርሻ ላይ እሠራለሁ። ቡጅንም በእንግድነት አይቻታለሁ። ልቤ ወደ ጆርሃት ማድላቱን ግን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

ግራ እንዳያጋባ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ ሕንድ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የእኛው ነው። ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ያቺ ተኩል ብዙ ሰው ታሳስታለች፤ ሙሉ ሰዓት ብቻ የሚደምር ሰው ሁልጊዜ ወይ ይቸኩላል ወይ ይዘገያል።

አሁን ወደ ጨለማው እንምጣ። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ማለት ነው። ጆርሃት 94 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት፤ ቡጅ 70 እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው በአየር መስመር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ በፀሐይ ከለካነው አንድ ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ነው። የመንግሥቱ ሰዓት ግን የተቀዳው ከሁለቱም አይደለም። በመሃል አገር በሚርዛፑር አጠገብ ከሚያልፈው የ82 ዲግሪ ተኩል መስመር ነው። ስለዚህ ጆርሃት ላይ ፀሐይዋ ከሰዓቱ ትቀድማለች፣ ቡጅ ላይ ከሰዓቱ ትዘገያለች፤ በሁለቱም ወገን ከሦስት ሩብ ሰዓት በላይ።

በዚህ በያዝነው ታኅሣሥ ጆርሃት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። እናንተ ስትደውሉ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗታል። ቡጅ ላይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ ስለሆነ የእህትዎ ልጅ ገና 40 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ቀርቶት ነበር። ጠዋቱን ቢያዩት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ልጅዎ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲወጣለት የአክስቱ ልጅ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ጨለማና ጎህ ውስጥ ነው። ለእህትዎ ይህንን ይንገሩልኝ፤ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ላይ ደውላ ትመልከት፣ ማን ተነሥቶ ማን እንደተኛ።

ሰኔ ላይ ይብሳል። ጆርሃት ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። እኔ የተከራየሁበት ቤት መጋረጃው ስስ ነበርና የመጀመሪያው ክረምት እንቅልፍ አሳጣኝ። ባለቤቶቹ በዚያ ሰዓት ግቢ ጠርገው፣ ታጥበው፣ ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል። መሥሪያ ቤት የሚከፈተው ግን እንደ ዴልሂ 3 ሰዓት ተኩልና 4 ሰዓት ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰው ከነቃ አምስት ሰዓት አልፎት ገና የቢሮ በር ይከፈትለታል። በክረምት ጥሩ ጥሩው የቀን ብርሃን በከንቱ ያልፋል፣ በበጋ ደግሞ ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚገባው አምፖል እያበራ ነው። አሳሞች ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ መስማት የየዕለት ወሬ ነው።

ይህ እኛም አገር አለ፣ በመጠኑ። ጅግጅጋ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጋምቤላ ላይ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀኑ ከወር ወር ብዙም አይረዝምም አያጥርም፤ ማንም ልብ አይለውም።

የሻይ እርሻዎቹ መላ አላቸው። እንግሊዞቹ ገና በጥንቱ ከመንግሥት ሰዓት አንድ ሰዓት የሚቀድም የራሳቸውን ሰዓት አወጡ። "ባጋን ሰዓት" ይሉታል፤ ባጋን እርሻው ነው። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የእርሻ ሠራተኞች ሕግም ለአንድ የሥራ አካባቢ የራሱ ሰዓት እንዲወሰንለት ይፈቅድ ነበር። ከከተማ ወጥተው የእርሻውን በር ሲያልፉ 2 ሰዓት የነበረው 3 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ ሁለት ሰዓት ነበር የማስረው ብል ቀልድ ይመስላል፤ ግን ፋብሪካው በባጋን፣ አውቶቡሱ በመንግሥት ነበር የሚሄዱት። ደወሉ ሲደወል ቅጠል ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በግንባራቸው አንጠልጥለው ይሰለፋሉ፤ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየቀነጠሱ ወደ ኋላ ይጥላሉ። ቅጠሉ ሲመዘን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሚዛኑ ላይም ሁልጊዜ ክርክር አለ። አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻቸው በእንግሊዞቹ ዘመን ከመካከለኛው ሕንድ ተጭነው የመጡ ናቸው፤ ኑሯቸው እንደ ሻዩ ስም አይደለም። ይህንን የምለው አገሩን የሚያስጎበኙ ሰዎች ስለማይናገሩት ነው።

የከተማዋን ጠባይ ስለጠየቁኝ፦ ጆርሃት ዝናብ፣ ቀርከሃና ዝግታ ናት። ቶክላይ የሚባለው የሻይ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ እዚያ ስላለ ሻይ የማይገባው ሰው የለም፤ ባለ ሱቁም ነጂውም ስለ ቅጠል ይከራከርዎታል። ቤት ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ "ታሙል" የሚሉትን የሚታኘክ የዘንባባ ፍሬ ቆርጠው በቅጠል ጠቅልለው ያቀርቡልዎታል፤ አፍ ያቀላል፣ ራስም ያዞራል። ለክብር እንግዳ ነጭ ላይ ቀይ ጥለት ያለው ጋሞሳ የሚባል ጨርቅ አንገቱ ላይ ይደረግለታል። ምግባቸው ሩዝና ዓሣ ነው፤ በቲማቲም ወይም በሎሚ ጎምዘዝ ያለ መረቅ ይወዳሉ። ሻዩን ብዙ ሰው ያለ ወተት ይጠጣዋል፤ ቀይ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ምንም የሚደብቀው የለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ብራህማፑትራ ወንዝ አለ። ማጁሊ ወደምትባለው ደሴት የሚሻገሩት ከኒማቲ ወደብ በጀልባ ነው። በበጋ ቀን ቶሎ ስለሚመሽ የመጨረሻዋ ጀልባ ያመለጠችው ሰው አድሮ ነው የሚመለሰው። ልጅዎ ቅዳሜ ጠፋ ብሎ ስልክ ባያነሣ ምናልባት እዚያው ነውና አይደንግጡ።

ስለ ቡጅ ብዙ አልልም። ደረቅ ናት፣ ቀን ላይ የሚያቃጥል፣ ማታ ላይ የምትነቃ ከተማ ናት። ሻያቸውን በወተት፣ በዝንጅብልና በስኳር እስኪወፍር ያፈሉታል። ከሲኒው ወደ ማስቀመጫው ሳህን ገልብጠው ፉት ይላሉ። ይጣፍጣል፤ ቅጠሉ ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

የኑግ አበባ

ሻይ ቀማሹ ቡጅን በአንድ የሻይ ሳህን ሸኛት! እኔ ለሥራ ቡጅ አካባቢ ኖሬያለሁ፤ የጨርቅ ሕትመትና ማቅለሚያ ነው ሙያዬ። የእህትዎን ልጅ ወገን እኔ ልያዝ።

በመጀመሪያ፣ የማታው ኑሮ ከትጋትም ከስንፍናም አይደለም። ቡጅ ላይ ግንቦት ውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ባለ ሱቁ ቤቱ ገብቶ በልቶ ይጋደማል። በዚያ ሰዓት ገበያ የወጣ ሰው የሚያገኘው ውሻና እንግዳ ብቻ ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ 11 ሰዓት ሲሆን በሩ ይከፈታል፣ ሴቶቹ ይወጣሉ፣ የባንድሃኒ ጨርቅ ይዘረጋል። ባንድሃኒ ማለት ጨርቁን በጥፍር ጫፍ ቆንጥሮ በክር እያሰሩ ቀለም ውስጥ የመንከር ሙያ ነው። ክሩ ሲፈታ የታሰረው ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። አንዱን መሐረብ ለማሰር ሳምንታት የሚፈጅባት ሴት አለች፤ ያ እንግዲህ ስንፍና ከተባለ ይባል።

ራት በ4 ሰዓት የሚበላው ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው አንድ ሰዓት ከ40 ገደማ ስለሆነ ነው። በበጋም ያው ልማድ ይቀጥላል።

እኔ የምሠራው አጅራክፑር ከሚባለው መንደር ሰዎች ጋር ነበር። አጅራክ የሚባለውን ጨርቅ በተቀረጸ እንጨት እያተሙ፣ በኢንዲጎና በቀይ ሥር እያቀለሙ፣ ደጋግመው እያጠቡ ነው የሚሠሩት። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ ዳማድካ በሚባል መንደር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2001 የመሬት መንቀጥቀጡ መንደሩን አፈረሰው፣ የወንዙም ውኃ ለማቅለሚያ አልሆን አለ፤ ከፊሎቹ ወደ ቡጅ ቀረብ ብለው አዲስ መንደር ቆረቆሩ። ያ ቀን የሕንድ ሪፐብሊክ በዓል ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ46 ላይ ነው የመታው። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ቡጅ ዛሬ መንገዷ ሰፊ፣ ቤቷ ዝቅ ያለ የሆነችው ከዚያ በኋላ እንደገና ስለተሠራች ነው። ቡጂዮ ኮረብታ ላይ ስምሪቲቫን የሚባል መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፍቷል። ሥነ ምድር የሚያጠና ልጅ ሳያየው አይቀርም፤ ቡጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት የተመረጠችውም በከንቱ አይደለም። ቡጅ ያለችበት የካች አካባቢ ድንጋይ ከጥንት ባሕር የቀሩ ቀንድ አውጣ መሰል ቅሪቶች ሞልተውበታል።

ስለ ጠባያቸው አንድ ነገር ልጨምር። መሃል ከተማው ላይ ሃሚርሳር የሚባል ሐይቅ አለ። ዝናብ በጥጋብ ጥሎ ሐይቁ ሞልቶ የፈሰሰ ዕለት የከተማው በዓል ነው፤ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ከንቲባው መጥቶ ውኃውን ይባርካል፣ ጣፋጭ ይታደላል። አሳም ላይ ውኃ ሞልቶ ሲፈስ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሸሻል። ቡጅ ላይ ልብሱን ቀይሮ ለማየት ይወጣል።

እናት፣ ጾሙንም ሳያስቡት አይቀሩምና፦ የእህትዎ ልጅ ጾመ ነቢያትን ከያዘ ሥጋ የለም ብሎ አይዘናጋ። ጉጃራት ውስጥ ሥጋ የማይበላው ሰው ይበዛል፣ ነገር ግን ቅቤ፣ እርጎና ወተት የማይገባበት ምግብ ማግኘት ችግር ነው። እኔ ሁልጊዜ "ያለ ቅቤ" እያልኩ ስለምን ባለ ምግብ ቤቱ የታመምኩ መስሎት ያዝንልኝ ነበር። ዳቤሊ የሚሉትን ግን ይፈልግ፤ ማንድቪ ከምትባለው የወደብ ከተማ የመጣ ነው፤ ዳቦ ውስጥ የተቀመመ ድንች፣ ለውዝና ሮማን ይጠቀጠቅበታል። ዳቦው ቅቤ ላይ ሳይጠበስ እንዲሰጡት ይንገራቸው።

የባቡር ሐዲድ

ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁትን እኔ ልመልስ፤ ታዲያ ለምን ሁለት ሰዓት አያደርጉትም?

ነበራቸው እኮ። አንድ ወጥ ሰዓት የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ካልካታ ግን የራሷን ሰዓት እስከ 1948፣ ቦምቤይ ደግሞ እስከ 1955 አልለቀቁም። አንድ ሕዝብ አንድ ሰዓት የሚለው ነገር ከነፃነት በኋላ የፖለቲካም ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሳም ዋና ሚኒስትር ግዛቱ በሙሉ በባጋን ሰዓት ይሂድ ብለው ነበር፤ አልጸደቀም። በ2018 የአገሪቱ የፊዚክስ ላቦራቶሪ፣ ሰዓቱን የሚጠብቀው እሱው ነው፣ አገሪቱን ለሁለት መክፈል እንደሚቻል በጥናት አሳየ። መስመሩ አሳምና ምዕራብ ቤንጋል በሚገናኙበት ጠባብ አንገት ላይ ቢሆን ሰዓት የሚቀየርባቸው የባቡር ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው አለ። የሚፈራው ያ ነውና፤ በአንድ ሐዲድ ላይ አንዱ ጣቢያ 3 ሰዓት፣ ቀጣዩ 4 ሰዓት ብሎ ባቡር ሲለቅ የሚደርሰውን አስቡት። እስካሁን ያው እንደነበረ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ጎረቤቱ ነው። ከጆርሃት ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዳካ ብትሄዱ፣ ፀሐይን እየተከተላችሁ ስለሆነ ሰዓታችሁን ወደ ኋላ የምትመልሱ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ባንግላዴሽ ከሕንድ በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች፣ ወደፊት ነው የምትገፉት። ኔፓል ደግሞ 15 ደቂቃ ትቀድማለች። እዚያ አካባቢ ሰዓት የሚነግራችሁ ፀሐይ የት እንዳለች ሳይሆን የትኛው መንግሥት ግዛት ውስጥ እንዳላችሁ ነው።

የድሬው ልጅ

አሕመዳባድ የተማርኩ ነኝ። ረመዳን ላይ አሳም ያለው ጓደኛዬ ቴምሩን ጎርሶ፣ ሰግዶ፣ ሾርባውን ጨርሶ ፎቶ ይልክልኛል፤ እኔ ገና አንድ ሰዓት ከግማሽ ያህል ይቀረኛል። ሁለታችንም ትምህርት የምንገባው በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ለኢፍጣር ግን ማንም የዴልሂን ሰዓት አይጠይቅም። እሱ ሱሁሩን እኔ ገና እንቅልፍ ላይ ሳለሁ ይጨርሳል፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ደግሞ የእህትዎ ልጅ አሕመዳባድ ከመጣ የሲዲ ሰይድን መስጊድ ሳያይ እንዳይመለስ። እ.ኤ.አ. በ1572 እና 73 የሠራው ከእኛ አገር በኩል የሄደ ሐበሻ ነው፤ መስኮቱ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለው ዛፍ የከተማው ምልክት ሆኗል። ሲዲ የሚባሉት ከአፍሪካ የሄዱት ሰዎች ዘሮች ጉጃራት ውስጥ ዛሬም አሉ፤ ጉጃራትኛ ይናገራሉ፣ ከበሮአቸው ግን ወገን ያስመስላል።

እናት ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሱቅ ዘግቶ የሚተኛበት ክፍል ላይ ስደርስ "ቀጥይ፣ ቀጥይ" አለችኝ፤ ድል አድርጌያለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጄ ከገና በኋላ አንድ የሻይ እርሻ ላይ ለልምምድ ይገባል። ያ ባጋን ያላችሁት ሰዓት መጣብኝ ማለት ነው። ሁለቱንም በብርሃን የማያቸው መቼ ብደውል ነው? ደግሞ ልጄ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ነው የሚጾመው፤ እዚያ 9 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው አላላችሁም እንዴ? በየትኛው ይቁጠር?

ሻይ ቀማሹ

የጾሙን ሰዓት ለነፍስ አባቱ ልተው፤ እኔ ቄስ አይደለሁም። የምግቡን ግን አውቃለሁ። ጆርሃት ላይ የሚቀቀለው በሰናፍጭ ዘይት ስለሆነ ምስርና አታክልት ያለ ቅቤ በቀላሉ ያገኛል፤ ሽታውን ለመልመድ ጥቂት ቀን ይፈጃል እንጂ። ዓሣውን ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህም አልጨረስነው።

ቅዳሜን ይተዉት፤ እርሻ ላይ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ይደውሉ። ያኔ ሕንድ ውስጥ 7 ሰዓት ተኩል ነው፣ በባጋን 8 ሰዓት ተኩል። ጆርሃት ላይ ገና ሦስት ሰዓት ያህል ብርሃን አለ፤ ቡጅ ላይ ሱቁ ተዘግቶ ሁሉም ቤቱ ገብቷል፣ የእህትዎም ልጅ ያለ ሰበብ ያነሣል። ጥር ላይ ስለሆነ የቅጠል ለቀማ አይጠብቁ፤ ያ ወቅት ቁጥቋጦው የሚገረዝበት ነውና ልጅዎ የሚያሳይዎት በወገብ ልክ የተቆረጠ ግንድ ብቻ ነው። ሜዳው የተቃጠለ ቢመስልዎት አይዘኑ፣ መጋቢት ላይ ይለመልማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እርሻው ውስጥ የሰነበተ ሰው ሳያስበው በባጋን ሰዓት መናገር ይጀምራል። "ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ሳልገባ ደውይልኝ" ካለዎት የትኛውን 2 ሰዓት እንደሆነ ሳይጠይቁ እሺ አይበሉ። የመንግሥቱ ከሆነ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ይቻላል። የባጋኑ ከሆነ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ከአልጋ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት፣ እሱ አይደለም።